የመዳብ ሴሌናይድ ማዕድናት ባሕርይና መገኛ፤ በካኮና በአካባቢዋ ለሚያስተምሩ መምህራን የቀረበ ማብራሪያ

በኬሚስትሪ ትምህርት የንጥረ ነገሮች ፔሪዮዲክ ሠንጠረዥ ሲቀርብ ለኦክሲጅንና ለድኝ ሰፊ ጊዜ ይሰጣል። በዚያው ዓምድ ከድኝ ሥር የሚገኘው ሴሌኒየም ግን ብዙውን ጊዜ በስም ብቻ ተጠርቶ ይታለፋል። ለዚህ ምክንያት አይጠፋም። ንጥረ ነገሩ በገበያ አይሸጥም፤ ተማሪው በእጁ ነክቶ፣ በዓይኑ አይቶ የሚያውቀው ነገርም አይደለም። ይሁን እንጂ ከጂንካ ወደ ቀይ አፈር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በካኮ፣ ወይም በሌላ በማናቸውም የገጠር ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር ሴሌኒየምን በስም ብቻ ጠርቶ ቢያልፈው፣ የዐለትን፣ የአፈርንና የሕፃናትን ምግብ ትምህርት በአንድነት የሚያስተሳስር መልካም አጋጣሚ ያመልጠዋል። ይህ ጽሑፍ መዳብና ሴሌኒየም ተዋሕደው ከሚፈጥሯቸው ብርቅዬ ማዕድናት በተለይ ኡማንጋይት የተባለውን መነሻ በማድረግ፣ ማዕድኑ ብርቅ የሆነበትን ምክንያትና ያው ምክንያት በእርሻችንና በማዕዳችን ላይ እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት ይሞክራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሴሌኒየም እንዴት ታወቀ

ሴሌኒየም የተገኘው በ1817 በስዊድን አገር ነው። ዝነኛው የኬሚስትሪ ሊቅ ያኮብ ቤርሴሊየስ ከዮሐን ጎትሊብ ጋን ጋር በመሆን በግሪፕስሆልም በሚገኝ የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ ውስጥ ድርሻ ነበረው። ፋብሪካው ለአሲዱ የሚያስፈልገውን ድኝ የሚያገኘው ከፋሉን የመዳብ ማዕድን ማውጫ ከሚመጣ ፓይራይት ነበር። አሲዱ በሚሠራበት፣ በእርሳስ በተለበጠው ክፍል ወለል ላይ ግን ቀላ ያለ ዝቃጭ ይጠራቀም ጀመር። ዝቃጩ ሲቃጠል እንደ ተበላሸ ፍጅል ያለ ሽታ ስለ ነበረው በመጀመሪያ ቴሉሪየም መሰላቸው። በኋላ ምርመራው ሲጠልቅ እስከዚያ ዘመን ያልታወቀ ንጥረ ነገር መሆኑ ተረጋገጠ። ቴሉሪየም ቀደም ብሎ በምድር ስም ተሰይሞ ነበርና፣ ቤርሴሊየስ አዲሱን ዘመዱን በግሪክኛ በጨረቃ ስም ጠራው።

ከዚህ ታሪክ መምህሩ ሊያጤነው የሚገባ አንድ ነጥብ አለ። ሴሌኒየም ከመጀመሪያው የተገኘው በድኝ ውስጥ ተደብቆ፣ ያውም ከመዳብ ማውጫ በወጣ ድንጋይ ውስጥ ነው። ብቻውን ቆሞ አልተገኘም።

ብዙም ሳይቆይ ቤርሴሊየስ በስሞላንድ አውራጃ ከስክሪኬሩም የመዳብ ማውጫ የመጡ ድንጋዮችን መርምሮ፣ ሴሌኒየም ከመዳብና ከብር ጋር የተዋሐደበትን ማዕድን በ1818 አስታወቀ። ማዕድኑ በትክክለኛው ጊዜ የተገኘ ስለ ሆነ «በጊዜው የመጣ» የሚል ትርጉም ያለውን ዩካይራይት የሚለውን የግሪክኛ ስም ሰጠው። ከዚያው ከስክሪኬሩም የተገኘው የመዳብና የሴሌኒየም ውህድ ደግሞ በኋላ በራሱ በሊቁ ስም ቤርዜሊያናይት ተባለ።

ኡማንጋይትና ዘመዶቹ

መዳብና ሴሌኒየም በልዩ ልዩ መጠን ይዋሐዳሉ። ከሚፈጥሯቸው ማዕድናት ሦስቱን ማወቅ ለትምህርት ይበቃል። በቤርዜሊያናይት ሁለት የመዳብ አተም ለአንድ የሴሌኒየም አተም ይደርሳል። በክሎክማናይት አንድ ለአንድ ነው። ኡማንጋይት በሁለቱ መካከል የቆመ ሲሆን ሦስት የመዳብ አተም ለሁለት የሴሌኒየም አተም ይይዛል። በክብደት ሲሰላ ከአንድ መቶ ግራም ኡማንጋይት ውስጥ 54.7 ግራሙ መዳብ፣ 45.3 ግራሙ ሴሌኒየም ነው። ይህን ስሌት ተማሪዎች ከአተሞቹ ክብደት ተነሥተው ራሳቸው ሊደርሱበት ይችላሉ፤ ከተለመደው የጨውና የውሃ ምሳሌም ይልቅ አእምሮን ያነቃል።

ኡማንጋይት ስሙን ያገኘው በአርጀንቲና የላ ሪዮሃ ክፍለ ሀገር ከሚገኘው ከኡማንጎ ተራራ ነው። ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ ፍሪድሪክ ክሎክማን በ1891 ለይቶ ገለጸው። ክሎክማናይት ደግሞ ለእኒሁ ሊቅ መታሰቢያ በ1928 በፓውል ራምዶር የተሰየመ ነው።

ኡማንጋይት አዲስ ሲሰበር ቀለሙ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጥቁር ቀይ ነው። አየር ሲያገኘው ወዲያው ይጠቁርና ሰማያዊ ሐምራዊ ሽፋን ያወጣል። እንደ ብረታ ብረት ያንጸባርቃል፤ ብርሃን አያሳልፍም፤ ሲጫርም ጥቁር ዱቄት ይተዋል። ጥጥርነቱ በሞስ መለኪያ ሦስት ያህል ስለ ሆነ ቢላዋ በቀላሉ ይጭረዋል። እፍግታው ግን ከፍ ያለ ነው፤ ከውሃ ስድስት እጥፍ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ቤርዜሊያናይት ሲሰበር እንደ ብር ነጭ ሆኖ ቶሎ የሚጠቁር ነው። ክሎክማናይት ደግሞ ግራጫ፣ በጣም ለስላሳና በአተሞቹ አደራደር ኮቬላይት የተባለውን የመዳብ ሰልፋይድ የሚመስል ነው። ሦስቱ ብዙ ጊዜ ተጠላልፈው በጥቃቅን ቅንጣቶች ስለሚገኙ በዓይን ብቻ መለየት ለባለሙያም አዳጋች ነው። ተወልውሎ በተስተካከለ ገጽ ላይ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ግን ኡማንጋይት ራሱን አይሰውርም። በልዩ የብርሃን ማጣሪያ ሥር ሲሽከረከር እንደ ፍም የሚነድ ብርቱካናማ ቀለም ያሳያል።

ከባሕርያቱ ሁሉ ለትምህርት የሚጠቅመው ግን የሙቀት ጠባዩ ይመስለናል። ኡማንጋይት ወደ 112 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ጸንቶ መቆየት አይችልም። አንዱ ኡማንጋይት ወደ አንድ ቤርዜሊያናይትና ወደ አንድ ክሎክማናይት ይለወጣል። ሦስት መዳብና ሁለት ሴሌኒየም የነበረው፣ ሁለት መዳብ ከአንድ ሴሌኒየም ጋር እንዲሁም አንድ መዳብ ከአንድ ሴሌኒየም ጋር ሆኖ ሲከፈል አንዲት አተም አትጎድልም። እኩልታን ማመዛዘን ከዚህ የቀለለና የጠራ ምሳሌ የሚያገኝ አይመስለንም። ጂኦሎጂስቱም በዚሁ ባሕርይ ይጠቀማል። በአንድ የዐለት ስንጥቅ ውስጥ ኡማንጋይት ካገኘ፣ ማዕድኑ በዛሬው መልኩ የጸናው ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት እምብዛም በማይበልጥ ሙቀት እንደ ሆነ ያውቃል። ድንጋዩ የራሱን ቴርሞሜትር ይዞ ተቀምጧል ማለት ነው።

ብርቅ የሆነበት ምክንያት

በምድር ቅርፊት ውስጥ በአንድ ቶን ዐለት ሲታሰብ መዳብ 60 ግራም፣ ድኝ 350 ግራም ያህል ሲኖር ሴሌኒየም ግን ከአንድ ግራም አንድ ሃያኛ (0.05 ግራም) ገደማ ብቻ ነው። ይህ መጠን ከብር መጠን ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ጥያቄው «ሴሌኒየም ጥቂት ስለ ሆነ ነው» በሚል መልስ አይዘጋም። ብር በመጠኑ ጥቂት ሆኖ ሳለ የራሱን ማዕድናት በብዙ ስፍራ ይፈጥራል። ሴሌኒየም ይህን ለማድረግ የሚቸገረው ለምንድን ነው?

መልሱ ከድኝ ጋር ያለው ዝምድና ነው። የድኝ አዮን ስፋት 1.84 አንግስትሮም፣ የሴሌኒየም አዮን ስፋት 1.98 አንግስትሮም ነው። ልዩነቱ ከመቶ ስምንት እጅ አይሞላም። የጂኦኬሚስትሪን መሠረት ከጣሉት ሊቃውንት አንዱ የነበረው ቪክቶር ጎልድሽሚት እንዳስተማረው፣ ተመሳሳይ ሙል ያላቸው ሁለት አዮኖች በስፋታቸው ከመቶ ከአሥራ አምስት እጅ በላይ ካልተለያዩ፣ አንዱ በሌላው ቦታ ያለ ችግር ሊቀመጥ ይችላል። በመሆኑም ከምድር ውስጥ የሚወጣ ትኩስ ውሃ ድኝና ሴሌኒየምን አብሮ ይዞ ሲመጣ፣ ፓይራይትና ካልኮፓይራይት የመሳሰሉ የድኝ ማዕድናት ይሠራሉ፤ ሴሌኒየሙም ጥቂት ጥቂት ሆኖ በየማዕድኑ ውስጥ ከድኙ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የራሱን ቤት ለመሥራት የሚበቃ መጠን አይተርፈውም።

የራሱን ቤት የሚሠራው ድኝ ከአካባቢው ሲወገድ ነው። ይህም የሚሆነው ውሃው ኦክሲጅን የመስጠት ኃይሉ ከፍ ሲል ነው። በእንዲህ ያለው ሁኔታ ድኝ ከሴሌኒየም ቀድሞ ኦክሲጅንን ይቀበልና ሰልፌት ይሆናል፤ ሰልፌቱም በውሃው ሟሙቶ ይሄዳል። ሴሌኒየም ለመለወጥ ስለሚዘገይ ወደ ኋላ ይቀርና መዳብን፣ ብርን ወይም እርሳስን አግኝቶ ይዋሐዳል። ለዚህ ክንዋኔ ምስክር የሚሆነው ሄማታይት የተባለው ቀይ የብረት ኦክሳይድ ነው። የሴሌናይድ ማዕድናት በብዙ ስፍራ የሚገኙት ዝቅተኛ ሙቀት በነበረበት ዘመን በተሞሉ የካልሳይት ስንጥቆች ውስጥ፣ ከቀይ ሄማታይት ጋር ጎን ለጎን ነው። ቀዩ ቀለም አካባቢው ለድኝ ያልተመቸ እንደ ነበረ ይነግረናል። ይህን ቀይ ቀለም አንባቢ እንዲያስታውሰው እንፈልጋለን፤ በአፈር ጉዳይ እንደገና እንመለስበታለን።

የሚገኝባቸው ስፍራዎች

ከስዊድንና ከአርጀንቲና ሌላ የጀርመን ሐርዝ ተራሮች፣ የቼክ አገር ቦሔሚያና ሞራቪያ፣ በካናዳ የአታባስካ ሐይቅ አካባቢ የታወቁ ናቸው። በአርጀንቲና የሜንዶሳ ክፍለ ሀገር በካቼውታ ሴሌናይዶቹ በአየርና በውሃ ተበልተው ካልኮሜናይት የተባለ ደማቅ ሰማያዊ ማዕድን ይሰጣሉ። ይህ በ1881 የተገለጸው ማዕድን ስሙ ከግሪክኛ የመዳብና የጨረቃ ስም ተጣምሮ የወጣ ነው። በአፍሪካ ክፍለ ዓለም በተለይ የሚጠቀሰው በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ በኮልዌዚ አጠገብ ያለው የሙሶኖይ ማውጫ ነው። ዩራኒየምና ሴሌኒየም በአንድነት የሚገኙባቸው አዳዲስ ማዕድናት በ1965 ከዚያ ተገልጸዋል።

በደቡብ ኦሞ ያለውን ዐለት በሚመለከት በኢትዮጵያ የጂኦሎጂ ጥናት ኢንስቲትዩት በ1983 የታተመው የኦሞ ወንዝ ፕሮጀክት የቅኝት ጥናት ዛሬም ጠቃሚ መነሻ ነው። የሐመር ተራሮች ከካምብሪያን ዘመን በፊት በተፈጠሩ ናይስ በተባሉ ጥንታዊ ዐለቶች የቆሙ ሲሆኑ፣ በአሪ ደጋ ደግሞ ከእሳተ ገሞራ የወጡ ዐለቶች በሰፊው ይገኛሉ። ተማሪ ከወንዝ ዳር የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ይዞ ቢመጣ ወርቅ ነው ማለቱ የማይቀር ነው። ከናይስ አገር የመጣ አብረቅራቂ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሚካ ነው። ድንጋዩ አረንጓዴ ዝገት ካለው የመዳብ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ መዳቡ ግን በተለመደው መንገድ ከድኝ ጋር የተዋሐደ መሆኑን መገመት ይበቃል። ልጆችን ኡማንጋይት ፍለጋ መዶሻ አስይዞ መላክ አያስፈልግም።

ዓለም የሚጠቀምበት ሴሌኒየምም ቢሆን ከሴሌናይድ ማዕድን ተቆፍሮ አይመጣም። የሚገኘው መዳብ በኤሌክትሪክ ሲጣራ በገንዳው ሥር ከሚዘቅጠው ጭቃ ነው። የሚገርመው፣ በዚህ ጭቃ ውስጥ ሴሌኒየሙ የሚቀመጠው ከመዳብና ከብር ጋር ተዋሕዶ፣ ይኸውም ቤርሴሊየስ በስክሪኬሩም ድንጋይ ውስጥ ባገኛቸው ውህዶች መልክ መሆኑ ነው። ተፈጥሮ በጥቂት ስንጥቆች ብቻ የሠራችውን ፋብሪካ በየቀኑ በቶን ይሠራዋል።

ከዐለት ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ ማዕድ

ዐለት ሲፈርስ በድኝ ማዕድናት ውስጥ ተደብቆ የኖረው ሴሌኒየም ወደ አፈር ይወጣል። እዚያም ዕጣው በሁለት መልክ ይወሰናል። አፈሩ ወደ አሲድነት ያደላ፣ የብረት ኦክሳይድም የበዛበት ቀይ አፈር ሲሆን ሴሌኒየሙ ሴሌናይት በተባለው መልኩ ከብረት ኦክሳይዱ ገጽ ላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ሥሮች ሊመጡት ይቸገራሉ። አፈሩ ኖራማ፣ ወደ አልካሊነት ያደላና አየር የሚያገኝ ሲሆን ግን ሴሌኔት ወደ ተባለው መልክ ይለወጥና በውሃ ይንቀሳቀሳል። እንግዲህ በዐለቱ ስንጥቅ ውስጥ የሴሌናይድ ጓደኛ የነበረው ቀይ የብረት ኦክሳይድ፣ በአፈር ውስጥ ደግሞ የሴሌኒየም አሳሪ ሆነ ማለት ነው። ከአፈሩ ቀለም ስሟን ያገኘችው የወረዳዋ ከተማ ቀይ አፈር ለዚህ ትምህርት በስሟ ብቻ በቂ ማስታወሻ ናት።

ሴሌኔት ወደ ተክሉ የሚገባው በየት ነው ቢባል፣ ተክሉ ለሰልፌት በከፈተው በር ነው። የማሽላ ሥር ሁለቱን በሚገባ አይለያቸውም። በሰው ገላም ውስጥ ነገሩ አይለወጥም። ሲስቴይን በተባለው የፕሮቲን ክፍል ድኝ በሚቀመጥበት ስፍራ ሴሌኒየም ተቀምጦ ሴሌኖሲስቴይን ይባላል። እዚህ ግን አንድ ልዩነት አለ። በማዕድን ውስጥ ሴሌኒየም በድኝ ወንበር የሚቀመጠው በአጋጣሚ ሲሆን፣ በገላችን ግን ታስቦበት የተመደበ ባለ ሥራ ነው። ሕዋሳትን ከጎጂ ኦክሳይዶች የሚጠብቀው ኤንዛይም ሴሌኒየም እንደሚይዝ በ1973 ታወቀ። የእንቅርት ዕጢ የሚያመነጨውን ሆርሞን ሥራ ላይ የሚያውሉት ኤንዛይሞችም ያለ ሴሌኒየም አይሠሩም። አዮዲን ያለበት ጨው ስለ ማዳረስ የሚያስቡ ሁሉ ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ሊዘነጉት አይገባም።

ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን 55 ማይክሮግራም ይበቃዋል። በቀን ከ400 ማይክሮግራም በላይ አዘውትሮ መውሰድ ግን ይጎዳል። በቻይና ሁለቱም ተከሥቷል፤ በኬሻን እጥረቱ ልብን የሚያደክም በሽታ ሲያስከትል፣ በኤንሺ መብዛቱ የሰዎችን ጠጉርና ጥፍር አርግፏል። በሚበቃውና በሚጎዳው መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ስለ ሆነ ሴሌኒየም በዘፈቀደ የሚታደል ነገር አይደለም። ፊንላንድ በ1980ዎቹ አጋማሽ በማዳበሪያ ላይ ሴሌኒየም መጨመር ስትጀምር እህሉን፣ ወተቱንና የሕዝቡን ደም በየጊዜው እየለካች ነበር።

በሀገራችን የተደረጉ ጥናቶች

በ2015 በተካሄደው ብሔራዊ የንጥረ ምግብ ጥናት ከተሰበሰበው የደም ናሙና ተነሥቶ በ2020 የታተመ ጥናት፣ ናሙና ከሰጡት ሰዎች ከመቶ 35.5 ያህሉ የሴሌኒየም እጥረት እንዳለባቸው አሳይቷል። እጥረቱ በምዕራብና በሰሜን ምዕራብ የበረታ ሲሆን፣ በምሥራቅና በስምጥ ሸለቆው መሥመር ግን መጠኑ የተሻለ ነው። በ2021 በኢትዮጵያና በማላዊ እህል ላይ የተደረገ ሰፊ ጥናት ደግሞ የእህሉ የሴሌኒየም ይዘት ከቦታ ቦታ እጅግ እንደሚለያይና የአፈሩ ፒኤች ከምክንያቶቹ አንዱ እንደ ሆነ አረጋግጧል። ያመረተውን ለሚበላ ገበሬ የእህሉ የበቀለበት ቦታ ከእህሉ ዓይነት የበለጠ ሊወስን ይችላል።

ለትምህርት ሰዎች ከሁሉ የሚቀርበው ግን በአማራ ክልል ገጠር ትምህርት ቤት ባልገቡ ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ2016 የታተመው ነው። የሴሌኒየም እጥረት፣ የቁመት መቀጨጭና የደም ማነስ ከአእምሮ ችሎታ ፈተና ዝቅተኛ ውጤት ጋር አብረው ታይተዋል። አብሮ መታየት ምክንያት መሆንን አያረጋግጥም፤ ድህነት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊያስከትል ይችላልና። ነገር ግን በክፍሉ ውስጥ ትምህርት አልገባው ያለውን ልጅ «ሰነፍ» ብሎ ከመፈረጅ በፊት የበላውንና የበላው የበቀለበትን አፈር መጠየቅ እንደሚገባ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው።

ዕቅድ አውጪዎች የአገር አቀፉን ካርታ ለአንዲት ቀበሌ እንዳያውሉት እናሳስባለን። ካኮ ያለችው በደጋውና በወይጦ ቆላ መካከል ነው። በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ዐለቱ፣ አፈሩና ዝናቡ ይለዋወጣል። በሰፊ ካርታ ላይ አንድ ዓይነት ቀለም የተቀባ አገር በመሬት ላይ ሲደረስበት አንድ ዓይነት አይደለም። የአካባቢው ልጅ የሚበላው የቆላ ማሽላ ይሁን የደጋ እንሰት፣ ካርታው አይነግረንም።

በክፍል ውስጥ ሊሠራ የሚችል

ድኝና ሴሌኒየም በዐለት ውስጥ ያላቸውን ድርሻ ለማሳየት ከማሽላ የሚሻል የለም። በክብደት ድኝ የሴሌኒየምን 7,000 እጥፍ ያህል ነው። የሴሌኒየም አተም ከድኝ አተም ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል ስለሚከብድ፣ በአተም ቁጥር ሲታሰብ ግን ለአንዲት የሴሌኒየም አተም 17,000 ያህል የድኝ አተሞች ይደርሳሉ። ተማሪዎቹ ይህን ልዩነት ራሳቸው ያስሉ። ከዚያ ወደ ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ ማሽላ ይመዘንና አንዲት ፍሬ ቀለም ተቀብታ ትቀላቀል፤ ተማሪዎቹም ይፈልጓት። የፍለጋው ጊዜ ሲረዝም ቤርሴሊየስ ምን እንዳገኘ ይገባቸዋል።

ለአፈሩ ትምህርት ሁለት ናሙና ይበቃል፤ አንዱ ከቀይ አፈር አካባቢ፣ ሌላው ከወይጦ ሸለቆ። እያንዳንዱ በተጣራ ውሃ ተበጥብጦ ከረጋ በኋላ በፒኤች ወረቀት ይለካ። በደረቁ አፈር ላይ ሆምጣጤ ጠብ ሲደረግ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት ማለት ነው። ውጤቱ ሴሌኒየም ስንት እንደ ሆነ አይናገርም፤ ያለው ሴሌኒየም ለሥር የቀረበ ወይም የታሰረ ሊሆን የሚችልበትን ሁኔታ ብቻ ያመለክታል። ይህን ገደብ ለተማሪዎቹ በግልጽ መንገር ከሙከራው ያልተናነሰ ጥቅም አለው። ውጤቱ በየዓመቱ በአንድ መዝገብ ቢጠራቀምና ለአካባቢው የግብርና ባለሙያ ቢሰጥ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ግቢ አልፎ ይጠቅማል።

በመጨረሻ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሴሌኒየምም ሆነ የሴሌናይድ ማዕድን በክፍል ውስጥ በምንም ዓይነት እንዳይሞቅ፣ አሲድም እንዳይነካው። የሚወጣው ጋዝ መርዛም ነው። የፍጅሉን ሽታ በቃል መንገር ይበቃል።